ትምህርት ዐሥራ አራት፦ በሰው አገር ወዳጅ ማፍራት

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች! የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችሁን ስትፈጽሙ ብዙዎቻችሁ ከተወለዳችሁበት መንደር ርቃችሁ ትሄዳላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ወደ ደሴ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ፣ ጥቂቶቻችሁም ባሕር ተሻግራችሁ ወደ ሌላ አገር ትሄዱ ይሆናል። በዚያም በአንድ ወንበር አብሯችሁ የሚቀመጠው ተማሪ ቋንቋችሁን የማይናገር፣ ምግባችሁን ቀምሶ የማያውቅ፣ እናንተ እንደ ነውር የምትቈጥሩትን እንደ ጨዋነት የሚቈጥር ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ መጽሐፍና ደብተር ብቻ አይበቃችሁም፤ ወዳጅ ያስፈልጋችኋል። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚባለው በሰው አገር ሲሆን ይበልጥ እውነት ነውና።

ከባዕድ ጋር መወዳጀት ግን በምኞት ብቻ አይገኝም። እንደ ንባብና እንደ ጽሕፈት ሁሉ የሚማሩት ነገር ነው። ለዚህ ትምህርት የሚሆነውን ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ አንሄድም። የሐይቅና የአምባሰል ምድር ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛው፣ ከሩቅ የመጣ ተማሪ በእንግድነት ኖሮ እንዴት የትልቅ ሥራ ባለቤት እንደሚሆን ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ወዳጅነት» የሚል ስም የተሰጠው ነገር በአንድ ቃል ምክንያት እንዴት እንደሚፈርስ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ ሁለት ጊዜ አንብቡ። በመጀመሪያ ታሪኩን ለመረዳት ሳታቋርጡ አንብቡ፤ በሁለተኛው ጊዜ እርሳስ ይዛችሁ የሰዎችን ስም፣ ቦታውንና ዘመኑን በደብተራችሁ እየመዘገባችሁ አንብቡ።

ለ. ምንባብ

1. የሐይቅ ተማሪዎች

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ከሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማው አጠገብ ባለው ሐይቅ፣ ወደ ውኃው ገባ ብሎ በሚታየው ምድር ላይ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ስፍራው ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዟል።

በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ የተባሉ መነኩሴ በዚህ ስፍራ ትምህርትን አስፋፉ። እሳቸው ራሳቸው የሐይቅ ተወላጅ አልነበሩም። ትውልዳቸው ዳህና ሲሆን፣ የተማሩት በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ነው። ስለዚህ ታላቁን የሐይቅ ትምህርት ቤት ያቀናው ሰው ለአገሩ እንግዳ ነበረ ማለት ነው። ከእሳቸው ዘንድ ለመማር ከመጡት መካከል ከሸዋ የተነሡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይገኙባቸዋል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሐይቅ በኋላ የመምህራቸውን የትምህርት ቦታ ደብረ ዳሞን አይተው ወደ ሸዋ ተመለሱ፤ በዚያም ደብረ አስቦን፣ ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። አንድ ትምህርት ከትግራይ ተነሥቶ፣ በወሎ አልፎ፣ ሸዋ የደረሰው በእንግዶች እግር ነው።

ይህ የትምህርት ልማድ በሐይቅ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በአገራችን በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት፣ ተማሪ ከቤተሰቡ ርቆ መሄዱ የተለመደ ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሁሉም ትምህርት በአንድ ስፍራ አይገኝም፤ ቅኔ የፈለገ ጎጃም ይወርዳል፣ አቋቋም የፈለገ ጎንደር ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ከቤተሰቡ ያልራቀ ተማሪን የእርሻና የከብት ጥበቃ ሥራ፣ የሠርግና የለቅሶ ጉዳይ ከትምህርቱ ይነጥለዋል። «የቆሎ ተማሪ» የሚባለውም አኰፋዳውን ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው ነው።

በእስልምናም ወገን እንዲሁ ነው። በወሎ ውስጥ ዳና፣ ጌታና ጀማ ንጉሥ የታወቁ የትምህርት ማዕከሎች ነበሩ። ወደ እነዚህ ቦታዎች «ደረሳ» የሚባሉት ተማሪዎች ከልዩ ልዩ አገር፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ እየተናገሩ ይመጡ ነበር። የመንደሩም ሰው ያለውን እያካፈለ ያኖራቸው ነበር።

እንግዲህ «ለትምህርት ወደ ሰው አገር መሄድ» ዛሬ በአውሮፕላን የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። የወሎ ሰው የሚያውቀው የቆየ ልማድ ነው። እንግዳን ተማሪ ማስተናገድም እንዲሁ።

2. የመካነ ሥላሴው መነኩሴና የኤርፉርቱ ተማሪ

በ17ኛው መቶ ዓመት አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ አንድ ሊቅ ነበሩ። ትውልዳቸው መካነ ሥላሴ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በሚባለው ምድር ነው። በዘመኑ በተነሣው የሃይማኖት ውዝግብ ምክንያት ከአገራቸው ወጥተው በመጨረሻ ሮም ደረሱ። በዚያም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ባለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ቤት ይኖሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ የ25 ዓመት ጀርመናዊ ወደዚህ ቤት መጣ። ይህ ወጣት በተወለደበት በኤርፉርት ከተማ ሳለ ግእዝን በራሱ ጥረት ከመጻሕፍት ተምሮ ነበር። ይሁን እንጂ ግእዝ ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። አባ ጎርጎርዮስም በበኩላቸው ግእዝን የሚያውቁት በንባብና በጸሎት ነው እንጂ የዕለት መነጋገሪያቸው አማርኛ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ሲገናኙ እንደ ልብ መነጋገር አልቻሉም። ነገር ግን አንዱም ተስፋ አልቈረጠም። በዝግታ እየተነጋገሩ፣ እየጻፉ፣ እየተራረሙ ተግባቡ።

ከ3 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1652፣ የጎታው መስፍን ኤርነስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን ጋበዛቸው። እሳቸውም የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ሄዱ። በዚያ በቆዩባቸው ወራት መስፍኑና ሊቃውንቱ ስለ ኢትዮጵያ ያልጠየቋቸው ነገር አልነበረም። ሉዶልፍም አጠገባቸው ሆኖ ቋንቋቸውንና የአገራቸውን ታሪክ ይማር ነበር። የክረምቱ ብርድ ሳይጠና አባ ጎርጎርዮስ ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወዳጆች በግእዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው በእስክንድሮን አካባቢ ሰጠመ፤ እሳቸውም በዚያው ሞቱ። መካነ ሥላሴን ዳግመኛ አላዩም።

ሉዶልፍ ግን ወዳጁን አልረሳም። እ.ኤ.አ. በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ቋንቋ ጽፎ አሳተመ። በ1691 ባሳተመው ማብራሪያ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል አስገባ። በ1698 ደግሞ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት አሳተመ። ይህም ለአማርኛ የመጀመሪያው የታተመ የሰዋስው መጽሐፍ ነው። በዚያን ጊዜ ሉዶልፍ ዕድሜው ከ70 በላይ ነበረ፤ አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱም 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ስለ አማርኛ ያወቀውን በዋነኛነት የተማረው ከዚህ የወሎ ሰው ነው።

ተማሪዎች! አሁን በእጃችሁ የያዛችሁት የሰዋስው መጽሐፍ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሥራ በኅትመት የጀመረው በሁለት እንግዶች ወዳጅነት መሆኑን አስታውሱ።

3. ይስማ ንጉሥ

አሁን ወደ አምባሰል እንመለስ። በውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል ውል ተፈረመ። የኢጣልያ እንደራሴ ፔትሮ አንቶኔሊ ነበር። ውሉ 20 አንቀጾች ነበሩት፤ ስሙም የወዳጅነትና የንግድ ውል ነው።

ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። በ17ኛው አንቀጽ፣ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚያደርጉት መላላክ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያንኛው ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው። በአንድ ግስ ልዩነት ምክንያት አንዱ ወገን «ቢፈልጉ» ብሎ የፈረመውን፣ ሌላው ወገን «ሳይወዱ በግድ» ብሎ ተረጐመው። የኢጣልያ መንግሥትም ይህን ይዞ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብሎ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። አፄ ምኒልክ ነገሩን ባወቁ ጊዜ ተቃወሙ፤ በመጨረሻም ውሉን ሠረዙ። የተከተለው ጦርነት ሆነ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የኢትዮጵያ ሠራዊት ድል አደረገ፤ በ1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውልም የውጫሌ ውል ፈረሰ።

ሁለቱን ታሪኮች አነጻጽሩ። ሉዶልፍና አባ ጎርጎርዮስ መግባባት ሲያቅታቸው እያንዳንዱን ቃል ደጋግመው ይጠያየቁ ነበር። በይስማ ንጉሥ ግን የወዳጅነት ስም ነበረ፤ ቃሉ ግን በሁለቱም ወገን አንድ አልነበረም። እውነተኛ ወዳጅ ቃሉን ከወዳጁ አይሰውርም። እናንተም ከባዕድ ጋር ስትነጋገሩ፣ «ገባህ?» ከማለት ይልቅ «ምን ብዬ የተናገርኩ መሰለህ?» ብላችሁ ጠይቁ።

4. ዶክተር መላኩ በያን

መላኩ በያን በ1892 ዓ.ም. በወሎ ተወልደው በሐረር አደጉ። በወጣትነታቸው ለትምህርት መጀመሪያ ወደ ህንድ፣ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ተላኩ። በኦሃዮ ግዛት በሚገኘው በመስኪንገም ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ፣ ዋሽንግተን በሚገኘው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ተምረው ዶክተር ሆኑ።

በዚያን ዘመን በአሜሪካ ጥቁሮች በቀለማቸው ምክንያት ከብዙ ነገር ይከለከሉ ነበር። አንድ የውጭ አገር ተማሪ «እኔ የእነሱ ወገን አይደለሁም፤ እኔ የነጻ መንግሥት ልጅ ነኝ» ብሎ ራሱን ሊያገልል ይችል ነበር። መላኩ ግን ይህን አላደረጉም። ሃዋርድ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው፤ መላኩም ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተወዳጁ፤ ዶሮቲ ሃድሊ የተባለችውንም ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። ባለሙያ የሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ያግባቡ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አውሮፕላን አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በእሳቸው አገናኝነት ከመጡት አንዱ ነው።

ኢጣልያ አገራችንን ከወረረች በኋላ ዶክተር መላኩ ወደ አሜሪካ ተመልሰው፣ በ1929 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩም በአሜሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች ለኢትዮጵያ ድጋፍ ያሰባስብ ነበር። ዶክተር መላኩ የአገራቸውን ነጻ መውጣት ሳያዩ በ1932 ዓ.ም. በ40 ዓመታቸው ዐረፉ። በተማሪነት ዘመን የተዘራው ወዳጅነት ግን በአገር የመከራ ቀን ፍሬ ሰጥቷል።

ሐ. ሰዋስው

1. የአክብሮት ተውላጠ ስሞች

በእንግሊዝኛ ለምንነጋገረው ሰው ሁሉ የምንጠቀምበት ተውላጠ ስም አንድ ነው። ፈረንሳይኛ ሁለት አለው። አማርኛ ግን ለአንድ ሰው ብቻ እንኳ ሦስት ይለያል። እነዚህም የሚከተሉት ናቸው።

አንተ — ለወንድ፣ ለእኩያ ወይም ለታናሽ፦ አንተ መጣህ።
አንቺ — ለሴት፣ ለእኩያ ወይም ለታናሽ፦ አንቺ መጣሽ።
እርስዎ (በወሎና በሌሎችም ስፍራዎች «አንቱ» ይባላል) — ለታላቅ ወይም ለሚከበር ሰው፣ ወንድ ሆነ ሴት፦ እርስዎ መጡ።

ልብ በሉ! የአክብሮቱ ግስ «መጡ» እንደ ብዙ ቊጥር ሆኖ ይነገራል እንጂ የሚያመለክተው አንድን ሰው ነው። ስለዚህ «አያቴ መጡ» ስንል አንድ አያት ናቸው፤ «ልጆቹ መጡ» ስንል ግን ብዙ ልጆች ናቸው። ልዩነቱ የሚታወቀው በባለቤቱ ነው።

አማርኛን አዲስ የሚማር የውጭ አገር ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለሽማግሌ «ና ግባ» ይላል፤ ለእኩያው ልጅ ደግሞ «ይግቡ» ይላል። ይህን ስትሰሙ አትሣቁበት፤ እንደ ስድብም አትቍጠሩበት። ስሕተቱ የቋንቋ ነው እንጂ የጠባይ አይደለም። ለብቻው በሆነ ጊዜ በቀስታ ማረም ግን የወዳጅ ተግባር ነው። እናንተም በሌላ ቋንቋ ስትናገሩ እንዲሁ ትሳሳታላችሁና።

ከአንቱታ ወደ አንተታ መሸጋገር በወዳጆች መካከል ትልቅ እርምጃ ነው። ያለ ፈቃድ ሲደረግ ድፍረት፣ «አንተ በለኝ» ተብሎ ሲደረግ ግን የቅርበት ምልክት ነው። በንግግር ጊዜ ማን ለማን «አንተ» እንዳለ መመልከት፣ በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት ያሳውቃል።

2. የችሎታና የግዴታ አነጋገር

በይስማ ንጉሥ ታሪክ እንዳየነው፣ በ«ይቻላል» እና በ«ይገባል» መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። የሚከተሉትን አስተውሉ።

ችሎታን ወይም ፈቃድን የሚያሳዩ፦ ይችላል፤ ይቻለዋል፤ ተፈቅዶለታል።
ምሳሌ፦ እንግዳው ከእኛ ጋር ማደር ይችላል። (ቢፈልግ ያድራል፤ ባይፈልግ ይሄዳል።)

ተገቢነትን የሚያሳዩ፦ ይገባል፤ ይገባዋል።
ምሳሌ፦ እንግዳው ከእኛ ጋር ማደር ይገባዋል። (መልካሙ ይህ ነው፤ ባያደርገው ግን የሚያስገድደው የለም።)

ግዴታን የሚያሳዩ፦ አለበት፤ ይኖርበታል፤ ግድ ነው።
ምሳሌ፦ እንግዳው ከእኛ ጋር ማደር አለበት። (ሌላ ምርጫ የለውም።)

ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች የሚለያዩት በመጨረሻው ቃል ብቻ ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለ ሆነ፣ ችኩል ሰሚ ፍሬ ነገሩን ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ የምትጽፉት ውል ቢሆን፣ ደብዳቤም ቢሆን፣ ማሰሪያ አንቀጹን መርጣችሁ ጻፉ።

መ. ድርሰት

ስለ ወዳጅነት ድርሰት ስትጽፉ ሦስት ነገር ጠብቁ።

አንደኛ፣ ስለ አንድ ሰው ጻፉ እንጂ ስለ አንድ ሕዝብ አትፍረዱ። «የዚያ አገር ሰዎች ሁሉ ቀዝቃዞች ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አያስረዳም፤ ውሸትም ነው። አንድ ሰው ሕዝብ አይደለምና።

ሁለተኛ፣ ባዩት ነገር ጀምሩ። «ወዳጄ ደግ ነው» ከማለት፣ ደግነቱ የታየበትን አንድ ቀን ተርኩ። አንባቢው ራሱ «ደግ ነው» ይበል።

ሦስተኛ፣ የራሳችሁን ስሕተት አትደብቁ። ሁልጊዜ ጥፋቱ የሌላው የሆነበት ድርሰት አይታመንም።

የሚከተለው ለምሳሌ የተዘጋጀ ድርሰት ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች በውስጡ መኖራቸውን እየመረመራችሁ አንብቡ።

«በሞቴ» የማይባልበት ቤት

የተወለድኩት በአምባሰል፣ ከውጫሌ ከተማ ራቅ ብሎ ባለ መንደር ነው። ለአንድ ዓመት ትምህርት ባሕር ተሻግሬ በሄድኩ ጊዜ ያረፍኩት በአንድ እኩያዬ ወላጆች ቤት ነበር። በደረስኩበት ምሽት እናትየው ራት አቅርበው «ትበላለህ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም በአገሬ ልማድ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጠግቤያለሁ» አልኩ። በእኛ ቤት እንዲህ ያለውን እንግዳ በእውነት ጠግቧል ብሎ የሚያምነው የለም። እናቴ ብትሆን «በሞቴ! እንዲያው አንዲት ጉርሻ!» ትል ነበር። ሁለተኛውን ልመና ስጠብቅ፣ እሳቸው «እሺ» ብለው ሳህኑን አነሡት።

ያን ሌሊት ሆዴ እየጮኸ አደርኩ። «ምን ዓይነት ንፉጎች ናቸው!» አልኩ በልቤ። ያገራችን የእንጀራ ሽታ፣ የእናቴ ድምፅ፣ የቡናው ጢስ ሁሉ ትዝ አለኝ። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ከጠየቁኝ «በቃኝ» እላለሁ፤ «በቃኝ» ካልኩ ያነሡታል።

በአራተኛው ቀን ልጃቸው ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ምግባችን አልተስማማህም ወይ? እናቴ በጣም አዝናለች። እንዳታስጨንቅህ ብላ ነው ደግማ የማትጠይቅህ» አለኝ። ደነገጥኩ። እኔ ንፍገት ያልኩት ለካ ለእኔ ቃል የተሰጠ ክብር ነበር። በእነሱ ዘንድ ሰው «አልፈልግም» ካለ በኋላ መለማመጥ ሰውን አለማመን ነው።

እኔም ስለ «በሞቴ» አስረዳሁት። መጀመሪያ ሣቀ። ቀጥሎ ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ በእናንተ አገር ሰው የእውነቱን ሲጠግብ ምን ብሎ ይናገራል?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለዚህ ነገር አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቱ ሁለት ጊዜ ይጠይቁኛል፤ እኔም በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ» እላለሁ። ስለዚህ በመካከላችን አንድ ጥያቄ ትርፍ ሆኖ ቀረ፤ እሱም መሣቂያችን ሆነ። ወደ አገሬ ልመለስ በተነሣሁበት ማለዳ ግን፣ ቁርስ አቅርበው ሳልናገር በአማርኛ «በሞቴ» አሉኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እንደ አገሬ ልጅ ሦስት ጊዜ አስለመንኩና በላሁ።

ስለ ድርሰቱ ማብራሪያ

ጸሓፊው «ሰዎቹ ንፉጎች ናቸው» ብሎ በመጀመሪያ ፈርዶ ነበር። ያንን ፍርድ አልደበቀውም፤ ነገር ግን እንዴት እንደ ተሳሳተ አሳየን። የራሱን ልማድ ሳይንቅ፣ የእነሱንም ልማድ ተረዳ። ወዳጁ የጠየቀውም ጥያቄ የራሱን አገር ልማድ በሌላ ዓይን እንዲመለከት አደረገው። ከባዕድ ጋር የመወዳጀት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ የሌላውን አገር ማወቅ ብቻ ሳይሆን የራስንም አገር እንደ አዲስ ማየት ነው።

ደግሞም «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የተባለውን ምሳሌያዊ አነጋገር አስታውሱ። ተማሪው የተራበው ምግብ ጠፍቶ ሳይሆን ስላልተናገረ ነው። በሰው አገር ይሉኝታን የሚረዳልን ሰው የለም። የምንፈልገውን በጨዋ ቃል መናገር፣ የማናውቀውንም መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ሠ. የቃላት ፍች

አኰፋዳ — የቆሎ ተማሪ የለመነውን ምግብ የሚይዝበት ዕቃ
ደረሳ — በእስልምና ትምህርት ቤት የሚማር ተማሪ
እንደራሴ — በሌላው ስም ሆኖ የሚሠራ ወኪል
ውዝግብ — ክርክር፣ ጭቅጭቅ
ንፍገት — ያለውን ለሌላ አለማካፈል፣ ሥሥት
ይሉኝታ — ሰው ምን ይለኛል ብሎ ማፈር
አንቱታ — ሰውን በአክብሮት ተውላጠ ስም መጥራት

ረ. መልመጃ

መልመጃ 1። በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. አባ ኢየሱስ ሞዐ የተማሩት የት ነው? ይህስ ስለ ሐይቅ ትምህርት ቤት ምን ያስረዳናል?
2. የቤተ ክህነት ተማሪ ከቤተሰቡ ርቆ የሚሄድባቸው ሁለት ምክንያቶች ምንድን ናቸው?
3. ሉዶልፍ ግእዝን እየተማረ ሳለ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ለመነጋገር የተቸገረው ለምንድን ነው?
4. አባ ጎርጎርዮስ በሞቱ በስንት ዓመት የአማርኛው ሰዋስው ታተመ?
5. የውጫሌ ውል የወዳጅነት ውል ከተባለ በኋላ ወደ ጦርነት ያደረሰው ምንድን ነው?
6. ዶክተር መላኩ በተማሪነታቸው ያፈሩት ወዳጅነት በኋላ ለአገራቸው ምን ጠቀመ?

መልመጃ 2። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ወደ አክብሮት ለውጣችሁ ጻፉ።
1. አንተ ከየት መጣህ?
2. አንቺ ቡናውን ቅመሺው።
3. እሱ ለእንግዳው መንገድ አሳየው።
4. መምህሩ ዛሬ ታሞ ቀረ።

መልመጃ 3። በእያንዳንዱ ባዶ ቦታ «ይችላል»፣ «ይገባዋል» ወይም «አለበት» ከሚሉት የሚስማማውን አስገቡ፤ የመረጣችሁበትንም ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
1. እንግዳው ከፈለገ በሐይቁ ዳር መንሸራሸር ______።
2. ሰው የተናገረውን ቃል መጠበቅ ______።
3. ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ፓስፖርት መያዝ ______።

መልመጃ 4። ከታች ያሉት ዓረፍተ ነገሮች ስለ አንድ ሕዝብ በጅምላ ይፈርዳሉ። ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ ቀን እንዲናገሩ አድርጋችሁ እንደገና ጻፏቸው።
1. የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ ችኩሎች ናቸው።
2. የከተማ ልጆች እንግዳ አይወዱም።

መልመጃ 5። በቤታችሁ የቡና ሥርዓት ላይ ከሌላ አገር የመጣ አንድ ተማሪ ተገኝቷል እንበል። አቦሉን ጠጥቶ ቶናና በረካ ሳይፈላ ተነሥቶ ሊሄድ ሲል አያታችሁ ተቀየሙ። ለእንግዳው ምን ትሉታላችሁ? ለአያታችሁስ ምን ትሏቸዋላችሁ? ሁለቱንም ንግግር በተገቢው ተውላጠ ስም ጻፉ። ከዚያም የሆነውን ሁሉ ከ200 ባላነሰ ቃል፣ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ባለው ድርሰት አቅርቡ። ስትጽፉ ሁለቱም ሰዎች በየልማዳቸው ትክክል መሆናቸውን አትዘንጉ፤ የእናንተ ሥራ ማን እንዳጠፋ መፍረድ ሳይሆን አንዱን ለሌላው ማስረዳት ነው።